እማማ ዘርፌ የጠበቁት ባትሪ

በእኛ ሰፈር ሰው መታገሥ ሲያቅተው የምትነገር አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከዋሸሁ የዘንድሮ ጤፌን ተምች ይብላው።

ያን ሐምሌ ደመናው ከመክበዱ የተነሣ ዶሮዎች ገና አልነጋም ብለው ከቆጥ ሳይወርዱ ሰነበቱ። የጓንጉል ሚስት አስካል ምጥ ጠናባትና ጓንጉልና ወንድሟ ወንዝ አሻግረው ሆስፒታል አስገቧት። ጓንጉል ልብስ ሊያመጣ ቢመለስ ወንዙ ሞልቶ ወዲህ ማዶ ቀረ። የአስካል ወንድም ደውሎ «ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው፤ ስትወጣ...» ሲል የጓንጉል ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። የመንደሩ ስልክ ሁሉ ቀድሞ ጠፍቷል።

ያለን የአያ ደምለው ሶላር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ጣራ ላይ፣ ባትሪው መደቡ ሥር።

«ደመና ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው። እስኪመሽ እንዳትነካው» አለው አያ ደምለው።

ጓንጉል እሺ አለና አምፖሏን ቦግ አደረጋት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሞልቶ እንደሁ ልይ ብዬ።»

«በአምፖል አይታወቅም፤ በሬዲዮ ነው» ብሎ አያ ደምለው ራሱ ሬዲዮውን ከፈተ። ዝናቡ ይቀጥላል አለ ሬዲዮው። ከዚያ የአስካልን ወሬ ሊጠይቅ የገባ ጎረቤት ሁሉ ማብሪያውን ቀጭ ሳያደርግ አልወጣም። ሊመሽ ሲል ስልኩን ቢሰኩት ብልጭ ብሎ ድርግም አለ።

ጓንጉል መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሞታ ቢሆንስ፣ አያ ደምለው?»

አያ ደምለው ስልኩን ከባትሪው ነቀለው።

በማግስቱ የአስካል እናት እማማ ዘርፌ መጡ። ባትሪው ላይ ባዶ ሣጥን ደፍተው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» አለ ጓንጉል።

«እዚያ ያለችው ልጄ ናት። እኔ ያልነካሁትን አንተ ልትነካ?»

«ካልሞላስ?»

«ካልሞላማ ብታየውም አይሞላ።»

ፀሐይ ለአመል ያህል ብቅ ትልና ትጠፋለች። እማማ ከሣጥኑ ንቅንቅ አላሉም። ከሰዓት በኋላ ተነሡና ስልኩን ራሳቸው ሰኩት። ያዘ። ገና ነፍስ ሲዘራ ጮኸ፤ የአስካል ወንድም ከትናንት ጀምሮ ሲደውል ኖሯል። እማማ አዳመጡ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሴት ናት። እናቲቱም ደኅና ናት።»

ዶሮዎቹን እኔ ጨምሬያቸዋለሁ፤ ጤፍም ዘርቼ አላውቅም። እማማ ዘርፌ ስልኩን ለጓንጉል እያቀበሉ ያሉት ግን ቃል በቃል ይኸው ነው፦ «የክረምት ባትሪ ሲሞክሩት ያልቃል።»