ከተራራው ሥር የጠፉት ሰዎች

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ከተራራ በቀር ሌላ አያነሳም። በወጣትነቱ የሚጠቀምበት ፊልም ብርሃን ቶሎ የማይቀበል፣ ዘገምተኛ ፊልም ስለነበር የካሜራው ዓይን ብዙ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚያ መሃል የሚንቀሳቀስ ነገር ፊልሙ ላይ አይቀርም። ጅረቱ ጉም ይመስላል፣ መንገደኛው ይጠፋል፣ ተራራው ብቻ ይቀራል። ሰው ያን ጸጥታ ወደደለት፤ ስሙም በዚሁ ተጠራ።

ኋላ ዲጂታል ካሜራ መጣ። ይኼኛው ምንም አያመልጠውም። ሰውየው የለመደውን ጸጥታ ስላጣ ከፋው፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የድሮውን መልክ መመለስ ተማረ። ቀለሙን አደበዘዘ፣ ውሃውን አለሰለሰ። እስከዚህ ማን ይቀየመዋል?

አንድ ጠዋት ባነሳው ተራራ ሥር ግን የታመመች ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። ድሮ ቢሆን ፊልሙ አያስቀራቸውም ነበር አለና ከምስሉ ላይ አጠፋቸው። የመጀመሪያውንም ምስል አላስቀመጠም።

ፎቶው ለሕዝብ በታየ ቀን አንድ ገበሬ መጣ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው፤ ቃሬዛው ላይ የነበረችውም እናቱ ናት፤ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ አረፈች። በዕድሜዋ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ለተዝካሯ የሚያቆመው ምስል ፍለጋ ነበር አመጣጡ። ፎቶው ፊት ብዙ ቆመና ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ።

«ጌታዬ፣ እኛ በዚህ መንገድ ስንወርድ እናቴ ቀና ብላ አይታዎት ነበር። የቱ ጋ እንዳለን ቢያሳዩኝ፤ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» አለው።

ሰውየው ካሜራው ላይ ሊያላክክ ፈለገ፤ አፉ ግን እምቢ አለው። አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋኋችሁ» አለ።

ገበሬው ቢቆጣ ይሻለው ነበር። ግን አልተቆጣም፤ ስላስቸገረው ይቅርታ ጠይቆት ወጣ። ሰውየውን እዚያው በእንግዶቹ መሃል የኀፍረት ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ በኋላ ያን ፎቶ ደፍሮ ሊያየው አልቻለም።

አንቺ ልጄ፣ የድሮውን ፊልም መልክ በኮምፒውተር ማምጣት ውሸት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቀለሙን እንደወደድሽ አድርጊው፤ እሱ አያሳፍርም። ትናንት ባሳየሽኝ ፎቶ ላይ ግን ከተራራው ሥር ያለው መንገድ በገበያ ቀን ባዶ ነው። ያ ፊልም ሰዎቹን ያላስቀራቸው ማየት ስላቃተው ነው፤ አይፈረድበትም። አንቺ ግን አይተሻቸዋል። አይተሽ ላጠፋሽው ሰው በፊልም አታሳብቢ።