የቀጭን ውሃ መሻገሪያ

ሰዎች ፈገግ እያሉ የሚናገሩት አንድ አባባል አለ። አንደበተ ጣፋጭ ነጋዴ ሲያታልላቸው፣ ቀላል መስሎ የጀመረ ነገር ጉድ ሲሠራቸው፣ በጨዋታ መሐል ጣል ያደርጉታል፤ ሰሚውም አብሮ ይስቃል። ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት ግን አይስቁበትም። ነገሩ እንዲህ ነው ይላሉ።

በድሮ ጊዜ፣ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከወለደቻቸው ስድስት ልጆች የቀረችላት ስንዱ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ናት። አምስቱን የቀበረች እናት ስድስተኛዋን በምን ዓይን እንደምታይ የደረሰበት ያውቀዋል። ስንዱ ካስነጠሰች ትርንጎ ጤና አዳም ለመቀንጠስ ትሮጣለች። ስንዱ እንጨት ለቀማ ሄዳ ትንሽ ከቆየች፣ ትርንጎ በልቧ ገንዛት፣ አልቅሳላት፣ ተዝካሯን አውጥታ ትጨርሳለች። ልጅቷ ጭራሮዋን ተሸክማ ከች ስትል ደግሞ እንደ አጥፊ ትቆጣታለች።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ስንዱ፣ "እማ፣ ለኪዳነ ምሕረት ማዶ ደብር ሄጄ ላንግሥ" አለች።

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ትርንጎ የያዘችውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። "ብቻዋን ለንግሥ የምትሄድ ልጅ የት አይተሻል?"

"ግማሽ ቀን መንገድ እኮ ነው። ከደጃችን ቆመሽ ጉልላቱን ታይዋለሽ። ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከዚህ መንደር ወጥቼ አላውቅም፤ ባል ቤት ገብቼ ሳልቀር አንድ ጊዜ በራሴ እግር ሄጄ፣ በራሴ ዓይን አይቼ ልምጣ።"

"ምን ይዘሽ? ባዶ እጇን የመጣችን ማን ያስገባታል?"

"ሽምብራ ቆልቼ እይዛለሁ። ያቺን የተሰበረች አሞሌ ከሰጠሽኝ ደግሞ ላሳደረችኝ ሴት እሰጣታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በቤቱ ውስጥ ያለችው ጨው ያቺው ስባሪ ነበረች። ትርንጎ ሦስት ቀን ከለከለች። ስንዱ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ዝም ብላ ትፈጫለች፣ ዝም ብላ ውሃ ትቀዳለች። በአራተኛው ቀን የልጅቷ ዝምታ ከጅቡም ከሽፍታውም ይልቅ አስፈራትና ትርንጎ ተሸነፈች። አሞሌዋን ከጨርቅ ፈትታ በልጇ መቀነት ላይ ራሷ ቋጠረችላት፤ እስከ ወንዙም ልሸኝሽ ብላ ተከተለቻት።

በመንገድ አፏ አላረፈም።

"ጅብ ካየሽ እንዳትሮጪ።"

"እሺ።"

"የሰው ጠላ ሰጪው ሳይቀምስ እንዳትጠጪ። በቀትር ከዛፍ ሥር እንዳትተኚ። ከገደል አፋፍ ቆመሽ ቁልቁል እንዳታዪ።"

"እሺ እማ።"

"የሚያዋራሽ ወንድ ቢመጣ፣ ወንድሜ ከኋላ እየመጣ ነው በይው።"

"ወንድም ከየት አምጥቼ?"

"የለሽም፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም።"

ስንዱ ሳቀች። ትርንጎ አልሳቀችም። ስለ ቀጭን ውሃ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለምን ብላ? ቀጭን ውሃ ልብሷን የምታጥብበት፣ ልጆቿን ሁሉ እያንቦጫረቀች ያሳደገችበት የደጇ ወንዝ ነው። እንደ ስሙ ቀጭን ነው፤ በበጋ ፍየል ዘልላ ታልፈዋለች።

ከመሻገሪያው ሲደርሱ አሻጋሪው ቢሻው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይጠግናል። በክረምት መንገደኛ እየያዘ የሚያሻግር፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ከአጠገቡ ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ውሃ አጠጥተው አረፍ ብለዋል።

"ወዴት ነው እቴ ትርንጎ? ልጅቱን ልትድሪልን ነው?" አለ ቢሻው።

"ለንግሥ ነው የምትሄደው። ደሞ አንተን ማን ጠያቂ አደረገህ?"

"እንግዲያው ይዤ ላሻግራት። ከአሞሌዋ ጫፏን ቆረስ ታድርግልኝ።"

"ለቀጭን ውሃ ጨው? እኔ እርጉዝ ሆኜ፣ እንስራ አዝዬ የምመላለስበትን?"

ቢሻው በዱላው ጫፍ ወንዙን አመለከተ። "መልኩን እዪው። ጠዋት ጠጠሩ ይታይ ነበር፤ አሁን ደፍርሷል፣ ገለባም ይዟል። ላይ አገር ዘንቧል።"

"እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል።"

"ውሃው የሚመጣው ከዚህ አይደለማ።"

"አንተ አያ ቢሻው፣ ደመና በሌለበት ደመና ሸጠህ የምታድር ሰው ነህ" አለች ትርንጎ። ገበሬዎቹ አሽካኩ። ቢሻውም ሳቅ አለ፤ ግን ንግግሯ ከነከነው።

"በይ እሺ፣ ምላስ የምታህል ትስጠኝ።"

ስንዱ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። "ልስጠው እማ። ምን አላት?"

ትርንጎ የልጇን እጅ ያዘች። "ተሸራርፋ ያለቀች ጨው ይዘሽ ሄደሽ ማን ከቤቱ ያስገባሻል? ከደጅ አድረሽ ጅብ ሊበላሽ ነው?" ጅቡ ቁልጭ ብሎ ታይቷታል። ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ የልጇን ነጠላ በአጥር ሥር ተቀዳዶ አይታዋለች። ከፊቷ ያለውን ውሃ ግን አላየችውም።

"እንግዲያው መንገዱ ክፍት ነው፤ ውሃው ጨው አይጠይቅም" አለ ቢሻው። ገመዱን ጠቅልሎ ከጉልበቱ ሥር ከተተው።

ስንዱ ስንቋን በራሷ ላይ አስራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ሳቀች። "እማ፣ ይኮረኩራል" አለች። ከውስጥ እግሯ ሥር አሸዋው እየሸሸ፣ ጠጠሩ እየተንከባለለ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተንገዳገደች፤ ትከሻዋ ወዲያና ወዲህ አለ።

"እስክስታውን ከመንገድ ጀመረችው፤ ንግሡ ጋ ምን ሊቀራት ነው?" አለ አንዱ ገበሬ።

ትርንጎ ሳቀች። አምስተኛውን ልጇን ከቀበረች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም፤ የራሷ ድምፅ እንግዳ ሆኖባት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ውሃው ከስንዱ ጉልበት ደረሰ። ስንዱ፣ "ተወኝ፣ ኧረ ተወኝ" እያለች፣ እንደሚኮረኩራት ሰው ወንዙን ታናግረዋለች፤ መሐል መሐሉን ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትስቃለች። ገበሬዎቹም ይስቃሉ። ቢሻውም የተቀየመውን ረስቶ ይስቃል። ውሃው ከታፋዋ ደረሰ። ስንዱ አንድ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ትርንጎ ደህና ሁኚ የምትላት መስሏት እጇን አንስታ አወዛወዘችላት።

ቢሻው ብድግ ሲል ያን ጊዜ ነው ትርንጎ ዞር ያለችው። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። መልሳ ወደ ወንዙ ስታይ ስንዱ ደክሟት እንደ ተቀመጠች ሁሉ ዝቅ ብላለች። አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆና አንድ ድምፅ አሰማች፤ ከሳቁ የሚለየው ነገር አልነበረውም። ቢሻው ገመዱን ወረወረ። አልደረሰም። ራሱም ዘሎ ገባ፤ ገበሬዎቹ ባይጎትቱት እሱም በቀረ ነበር።

በማግስቱ ከመሻገሪያው ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ከሾላ ሥር ተጠልፋ አገኟት።

በልቅሶው ትርንጎ እንባ አልወጣትም። ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች። "ስትስቅ ነበር። ሰው ጨንቆት ይስቃል? ጨንቋት ቢሆን አትጣራም ነበር?" ሴቶቹ፣ "ተይ እቴ ትርንጎ፣ የእግዜር ሥራ ነው" ይሏታል። ሁለቱ ገበሬዎች መሬት መሬት ያያሉ። ቢሻው ከድንኳኑ ጫፍ፣ ሰው ከማይደርስበት ተቀምጦ ቀና አላለም።

በሣልስቱ ቀን ትርንጎ ተነስታ ከፊቱ ቆመች። ሰዉ ለቅሶውን አቆመ። ልትረግመው ነው ብሎ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

"አንተ ውሃ ታውቃለህ" አለችው። "ንገረኝ። ልጄ ስትስቅ ነበር ወይስ ስትጣራ?"

ቢሻው ቀና ብሎ አያት። የሚያጽናናት ውሸት ፈልጎ ያጣ ይመስል ነበር።

"ስትስቅ ነበር፣ እቴ ትርንጎ" አላት። "እኔም ስስቅ ነበር፤ አንቺም። ወንዙ ቢያገሳ ኖሮ አንቺም እጇን ይዘሽ በመለስሻት፣ እኔም ምንም ሳልጠይቅ ይዣት በገባሁ። አላገሳም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።"