እመት ጃርት እና ስሟን ያልተጠየቀችው ፕሪንተር

ጆሯችሁን አውሱኝና ተረቱን ውሰዱ። አውሬው ሁሉ ይናገር፣ ዕቃውም ሁሉ ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ዱር ውስጥ እመት ጃርት የምትባል ነበረች። ሥራዋ ጽሑፍ ማተም ነው። አንድ ኮምፒውተርና አንዲት አሮጌ ፕሪንተር ነበሯት፤ ሦስቱም ተግባብተው ይሠሩ ነበር።

አንድ ጊዜ የዱሩ አዛውንት በስተርጅና ፊደል ቆጠሩ። ከርከሮ አነበበ፣ ሚዳቋ አነበበች፣ አያ ኤሊም ቀስ እያለ አነበበ። የምስክር ወረቀታቸውን እንድታትም ለእመት ጃርት ተነገራት። እሷም ስማችሁ አምሮ ይወጣል ብላ ቃል ገባች፤ ለክብራቸውም ስትል ኮምፒውተሯን አሳደሰችው። ኮምፒውተሩ ታድሶ ሲነሳ ግን ፕሪንተሯን አላወቃት።

“የምትለው አይገባኝም” አለ። “በመካከላችን ሆኖ የሚያስተረጉምልን ድራይቨር ነበር። በእድሳቱ ጊዜ ጠፋ።”

ተመራቂዎቹ መንገድ ጀምረዋል። እመት ጃርት ተጨነቀች።

መጀመሪያ ቀበሮ መጣ። ለማንኛውም ዕቃ የሚሆን ድራይቨር አለኝ፣ በነጻ ውሰጂ አላት። ወሰደች። ኮምፒውተሩ ወዲያው መቀባጠር ጀመረ፤ ማንም ያልጠየቀውን ማስታወቂያ ይደረድራል። ፕሪንተሯ ጭጭ። እመት ጃርት የቀበሮን ድራይቨር አስወጣች፤ ኮምፒውተሩንም አጸዳች።

ቀጥሎ ዝንጀሮ መጣ። የእኔም ፕሪንተር ከዚሁ ፋብሪካ ነው፣ የእሷ ድራይቨር ይበቃል አለ። እሱን ስትጭን ፕሪንተሯ ነቃች፣ ወረቀትም አወጣች፤ ጽሑፉ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። ዝንጀሮ ይህችን አሮጊት ጣያት ብሎ መከራት። የእመት ጃርት እሾህ ቆመ። አልጥላትም አለችው፤ የእሱንም ድራይቨር አስወጣች።

በመጨረሻ ከፕሪንተሯ ፊት ቁጭ አለች።

“ይህን ሁሉ ዘመን አብረሽኝ ስትሠሪ፣ አንቺ ማን ነሽ ብዬሽ አላውቅም።”

“ገልብጪኝ” አለች ፕሪንተሯ። “ስሜና ቁጥሬ ከሥሬ ተጽፏል። እኅቶቼ ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን እነሱን አይደለሁም።”

እመት ጃርት ገለበጠቻት፣ አቧራውን ጠርጋ አነበበች። ኮምፒውተሩንም አንተስ ታድሰህ ማን ሆንክ ብላ ጠየቀችው፤ ነገራት። የሁለቱን ማንነት ይዛ በኢንተርኔት ወደ ፕሪንተሯ ሠሪዎች ገጽ ገባች። ለፕሪንተሯም ቁጥር፣ ለኮምፒውተሩም አዲስ ጠባይ የሚሆነውን የቅርብ ጊዜ ድራይቨር መርጣ አወረደች። ኮምፒውተሩ ተቀበለው፣ ጠፍቶ ተነሳ።

“አሁን ሰማኋት” አለ።

ፕሪንተሯ ማተም ጀመረች። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ተመራቂዎቹ ደርሰው በር ላይ ተሰለፉ። አያ ኤሊ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ማንም ሳያነብለት፣ የገዛ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ። ዱሩ በእልልታ ተናጋ። እመት ጃርት እሾኋን ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን ፕሪንተሯ ላይ ጭና ቆመች። ማን አተመው ሲሏት የፕሪንተሯን ስም ከነቁጥሩ ጠራች።

እናንተም ሁለቱን የሚያግባባ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ የሚግባቡት ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። እኔ ተረቴን አድርሻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላው አድርሱ።