ባዶው ቤት ውስጥ የተሰማው መዶሻ

አንድ አፈሩ ጥቁር፣ ዝናቡ ጊዜውን የማይስት አገር ነበረ። ወይራ አምባ ይባላል። ሰዎቹ የታወቁ አራሾች ነበሩ፤ ከእርሻ ሌላ ያለ ሥራ ግን ሥራ አይመስላቸውም። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው በእነርሱ ዘንድ ግማሽ ሰው ነበር።

ከአምባው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሰባት ጎጆዎች ነበሩ። የሚኖሩባቸው አያቶቻቸው ከሌላ አገር የመጡ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በቤታቸው የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። የአምባው ማረሻ ሁሉ የሚሳለው፣ ማጭዱና መጥረቢያው የሚሠራው፣ ድስቱና እንስራው የሚወጣው ከእነዚያ ሰባት ጎጆዎች ነበር። ሆኖም ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰ የአምባ ሰው የለም። «ሰው መስለው ይውላሉ እንጂ ጅቦች ናቸው» ይባላል። ጅብ ሲሆኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ያየ ሰው አውቃለሁ የሚል ግን በየቤቱ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የአምባው ባላባት የግራዝማች ደርሶ ሴት ልጅ ታመመች። ሆዷ ተነፋ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። አንዲት ጎረቤት «የቀጥቃጩ የሸሞ ሚስት ባለፈው እንስራ ልትሸጥ መጥታ ልጅቱን ‹እንዴት ታምራለች!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የፈለገ ሰው አልተገኘም።

ግራዝማች ሰው አስከትለው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሸሞ ሽማግሌ ነው። ወናፉን አቁሞ ወጣና እጅ ነሣ።

«ሸሞ፣ ልጄን ልቀቃት» አሉት።

«ጌታዬ፣ ያልያዝኳትን እንዴት አድርጌ ልልቀቅ?»

«እንግዲያው አገሬን ልቀቅ።»

ሸሞ ለብዙ ዓመታት መሣሪያቸውን የሠራላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከተ። ዓይኑ ያረፈበት ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ረፋዱ ላይ ሰባቱም ጎጆዎች ባዶ ነበሩ። ወንዙን ሲሻገሩ የተራገመ የለም፣ ያለቀሰም የለም፤ የታዘሉት ሕፃናት እንኳ ድምፅ አላሰሙም። የአምባውን ሰው ከሁሉ በላይ ያስፈራው ያ ዝምታ ነው።

ልጅቱ በአራተኛው ቀን ሞተች። ተለቀሰላት፣ ተቀበረች። «እነሱ ሄደው የለም ወይ? ታዲያ ማን በላት?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ክረምት በነበረው መሣሪያ ታለፈ። በሁለተኛው ዓመት ማረሻው ሁሉ ደነዘ፤ መሬቱን ይቧጭረዋል እንጂ አይገለብጠውም። እንስራ የተሰበረባት ሴት በቅል ትቀዳ ጀመር። የአምባው ገበሬ ብዙ ዘርቶ ጥቂት አጨደ። ባዶዎቹ ጎጆዎች ውስጥ ደግሞ የእውነት ጅቦች ገብተው መተኛት ጀመሩ። በዚያ በኩል ከብት የሚያሰማራ ሰው ጠፋ።

ከአራሾቹ አንዱ እንዳላማው የሚባል ጎልማሳ ነው። ሙጭት የምትባል ሚስትና ገና መሄድ የጀመረች ሴት ልጅ አሉት። ግንቦት ላይ ብቸኛው ማረሻው ከሁለት ተሰበረ። ለሚስቱ «ሩቅ ገበያ ሄጄ ማረሻ እፈልጋለሁ» ብሏት ከቤት ወጣ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ አምባውን በሸፈነበት ሰዓት፣ ከታች የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ቃ… ቃ… ቃ። ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከብቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ውሾቹ ግን አልጮኹም፤ ጭራቸውን ወትፈው ወደ ቤት ገቡ። የሚሰማው ከሸሞ ባዶ ቤት ነበር።

በሁለተኛውም ቀን ተሰማ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደፋር እስከ መንገዱ አጋማሽ ወርዶ ተመለሰ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። ደጁ ላይ ያለው አመድ በጅብ ዱካ ተሞልቷል። ወደ ውስጥ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ዱካ አላየሁም» አለ። የሰማ ሁሉ ማተቡን ያዘ።

በአራተኛው ማለዳ ግራዝማች ሃያ ጦረኛ ይዘው በጭጋጉ ውስጥ ወረዱ። ድምፁ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። በሩን በጦር ጫፍ ገፉት። አንድ ከራሱ እስከ እግሩ በጥላሸት የጠቆረ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ዞር አለ። እንዳላማው ነው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉት ግራዝማች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! ሩቅ ለመሄድ ስንቅ አነሰኝ። ጅቦቹን በእሳት አባርሬ፣ ትተውት በሄዱት መዶሻ ጀመርኩ። ደግሞም እነሱ ከሠሩት እኔ ምን ያቅተኛል አልኩ። ይኸው፣ እዩት!» ብሎ የጋለውን ብረት በጉጠት ከፍ አደረገ። ይስቃል። ጭስ ያቃጠላቸው ዓይኖቹ እንደ ደም ቀልተዋል፤ በጠቆረው ፊቱ ላይ ጥርሱ ብቻ ነጥቶ ይታያል።

ሃያው ጦረኛ ባንድነት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ዓይኑን እዩት» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

እንዳላማው ማረሻውን ተሸክሞ አምባውን ሲወጣ በሮች ከፊቱ ይዘጉ ነበር። አብረውት ያደጉ፣ በደቦ አብረውት ያረሱ ሰዎች መንገድ ለቀው ቆሙ። ቤቱ ሲደርስ ሙጭትን ደጃፉ ላይ ልጃቸውን ታቅፋ አገኛት። እሱን ስታይ ነጠላዋን አውልቃ የልጅቱን ፊት ሸፈነች።

«ሙጭት፣ እኔ እኮ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። ነጠላውን ግን አላነሣችም።

እንዳላማው አምባው ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አባቱና አያቱ የተቀበሩት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ የሚናገረው የእነርሱኑ ቋንቋ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ግን ቡዳ ሆነ። ማረሻውን ደጁ ላይ አስቀምጦ ወንዙን ተሻገረ።

ሁለት ቀን ተጉዞ ሸሞን ካንድ ገበያ ዳር አገኘው። የዚያ አገር ሰዎች ከሸሞ ወገኖች ጋር ቋንቋቸው አይገናኝም። ሽማግሌያቸው ግን ስደተኞቹ በደረሱበት ቀን አብሯቸው ቁጭ ብሎ በልቶ ነበር፤ እሱ ከበላ በኋላ ሌላው ለመፍራት ምክንያት አጣ። አሁን ደገኛው ገብሱን፣ አርብቶ አደሩ ቆዳውን፣ የሩቁ ነጋዴ ጨውን ይዞ እዚያ ይመጣል፤ ሁሉም ሲመለስ የሸሞን ብረት ይዞ ይመለሳል። አንዱ ለቀይ አፈር የሚሆን ዶማ ይጠይቃል፣ ሌላው ለቁጥቋጦ የሚሆን ገጀራ። ሸሞ ድሮ የማያውቀውን ሁሉ መሥራት ለምዷል።

ሸሞ የእንዳላማውን የተቃጠለ መዳፍ ገልብጦ አየ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም፣ አባቴ። ረኃብ ነው።»

«ረኃብ ያስጀምራል እንጂ አያስተምርም። ብረቱን አለቅጥ አግለኸዋል። ና፣ ቁጭ በል።»

ዓመት ሳይሞላ፣ የቡዳ ሚስት ተብላ በር የተዘጋባት ሙጭት ልጇን አዝላ ወንዙን ተሻገረች።

ሰባቱ ጎጆዎች በተለቀቁ በሰባተኛው ዓመት ግራዝማች ደርሶ ራሳቸው ማረሻ ፍለጋ ወረዱ፤ ያገራቸው መሬት ግማሹ ጦም ያድር ነበርና። ሁለት ቀን ተጉዘዋል፣ ስንቃቸው አልቋል። እንዳላማው ሲያያቸው ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሸሞም የቤቱን ወንበር አወጣላቸው። ሰዓቱ የምሳ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ገበያተኛ አንዱን ትሪ ከቦ ይበላል። ሙጭት ውሃ አምጥታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

«ይብሉ፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «እኔም እንደርስዎ ፈርቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳልበላ አደርኩ። በሁለተኛው ቀን ራበኝና በላሁ። ይኸው አለሁ።»

ግራዝማች ምግቡን አዩት። አሽከሮቻቸው ከኋላቸው ቆመው ይመለከታሉ። አፋቸው ውሃ ሞላ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከጉልበታቸው አልነሣ አለ። ደግመው ሊያነሡት ሞከሩ፣ አልሆነም። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ትክ ብለው ተመለከቱት።

«አልታዘዝ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

የሳቀባቸው የለም። ሸሞ የጠየቁትን ማረሻ በበቅሏቸው አስጫነላቸው። እንደ ራባቸው ሽቅብ ወጡ። ማረሻዎቹም እስኪደንዙ ድረስ አገለገሉ፤ ዳግመኛ የሚስላቸው ግን አምባው ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የአምባው ወጣቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ገበያው አገር ወረዱ። ግራዝማች የሞቱ ጊዜ አስከሬናቸውን የሚሸከም አራት ጎልማሳ የተገኘው ከሦስት መንደር ተለምኖ ነው ይባላል።

ወዳጄ፣ ለም መሬት ብቻውን አገር አያበለጽግም። አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ቆለኛው ዘንድ ያለው ደገኛው ዘንድ የለም። ልዩነት ሀብት የሚሆነው ሰው ከሰው ጋር ሲቀማመስ ነው። ንቀት መካከል ከተቀመጠ ግን ያ ሁሉ እውቀት ወንዝ ተሻግሮ የሌላውን ገበያ ያደምቃል። የናቅነው ሰው ሲሄድ ንቀታችን አብሮት አይሄድም፤ ከእኛው መካከል ሌላ ሰው ይፈልጋል።

በግራዝማች ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ያንተ እጅ የማን ማዕድ ሲቀርብለት ነው እምቢ የሚልህ?