የሽንኩርት ቸርቻሪዋ ምርቃት

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጇን ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ይዛ ሄደች። ተፈታኞቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው «ምን ይጠይቁን ይሆን?» እየተባባሉ ሲጨነቁ፣ አቶ ሲራክ የተባሉ ባለሥልጣን ልጃቸውን አስከትለው ደረሱ።

«አንዱ ቦታ ለልጄ ተይዟል፤ በስልክ ጨርሻለሁ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ወደ ሴትየዋም ዞረው፣ «አንቺ፣ ዝም ብለሽ ከምትጎለቺ ልጄን መርቂልኝ!» አሏት።

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። አቶ ሲራክም መዳፋቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ።

«በስልክ እንደ ገባ በስልክ ይመረቅ!»

«አሜን!»

«ዶክተር ተብሎ ይጠራ!»

«አሜን!»

«መጀመሪያ በቢላዋ የሚከፍተውንም ሆድ የእርስዎን ያድርግልን!»

የአቶ ሲራክ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አሜን ያሉላቸው ተፈታኞቹ ናቸው።