ላልቶ የተነበበ ቃል

አንድ አስተማሪ ነበረ። «ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ በቴሌግራም ግሩፑ ልልቀቀው ወይስ ለራሴ ልያዘው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ መልሱን በቀጥታ ከምሰጥሽ የዚህን ሰው ነገር ብነግርሽ ይሻላል።

ይህ አስተማሪ በአንዲት ትንሽ ከተማ አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በጥሩ ነጥብ ተመርቋል። ከሱ ያነሰ ነጥብ የነበራቸው ቢሮ ሲገቡ እሱ ጠመኔ ይዞ ቀረ። ሰባ ሁለት ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ማንበብ ያቃታቸውን እንዴት ማስነበብ እንደሚቻል ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲሞክር ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ አንድ መንገድ አገኘ። መንገዱ አምስት ደረጃ አለው፤ ዋናው ነገር ያለው ግን አራተኛው ላይ ነው። አራተኛው ላይ ልጁ የተነበበውን ታሪክ በራሱ አንደበት ይተርካል፤ ልጁ እስኪጨርስ ድረስ መምህሩ አንዲት ቃል ሳያርመው ያዳምጠዋል። ሰው አዳምጦት የማያውቅ ልጅ አንድ ቀን ሲደመጥ፣ በማግስቱ መጽሐፉን ራሱ ይከፍታል። አስተማሪው ይህን በዓይኑ አይቷል።

ስድስት ሺህ መምህራን ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረ። አስተማሪው መንገዱን እዚያ ለቀቀው። ረጅም ጽሑፍ ማንም አያነብም ብለውት ስለነበር አምስቱን ደረጃ በአምስት አጫጭር መስመር ጻፈ። አራተኛው መስመር «ተማሪው ይሰማል» ይላል። ከታች ስሙን አኖረ። ሦስት ሰዎች ምስጋና ጻፉለት። ከዚያ የማስታወቂያና የበዓል መልካም ምኞት ናዳ ወረደበትና ጽሑፉ ተቀበረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በዓመቱ መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለሥልጠና ተጠራ። አሰልጣኙ ቀድሞ ከሱ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ሰው ነው፤ ጥሩ ጥናት አቀረበ ተብሎ ከክፍል ወጥቶ አሰልጣኝ የሆነ። ለሁሉም ወረቀት ታደለ። ወረቀቱ በሌሎች ወረዳዎች ዓመት ሙሉ ተሠርቶበታል፤ እነሱ ጋ ነው ዘግይቶ የደረሰው። አስተማሪው ገለጠው። ዳር ዳሩን ሰማያዊ ሐረግ ተስሎበታል። መሐሉ ላይ አምስት መስመር አለ። መስመሮቹ የሱ ናቸው። ከታች ያለው ስም የአሰልጣኙ ነው።

መጀመሪያ የያዘው ንዴት አልነበረም። የገዛ ልጁን በሰው ግቢ፣ በሌላ ልብስ፣ በሌላ ስም ሲጠራ ያየ አባት፣ ልጄ ነው ወይስ የሚመስል ልጅ ነው ብሎ እንደሚያመነታ፣ እንደዚያ ሆነ።

«አራተኛውን እስኪ እርስዎ ያንብቡልን፣ ጋሼ» አለ አሰልጣኙ፣ በጣቱ ወደሱ እያመለከተ።

አስተማሪው ተነሣና ቃሉን አጥብቆ አነበበው፤ ልጁ ይደመጣል እንደማለት።

«የለም፣ የለም፣ አላልተው ነው እንጂ። ልጁ ያዳምጣል ነው የሚለው። እርስዎ እንዳነበቡት ከሆነ እኮ እሱ ሊያወራ፣ እኛ እጃችንን አጣጥፈን ልናዳምጠው ነው። ማን ማንን ሊያስተምር?»

አዳራሹ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠው የስፖርት መምህር በክርኑ ጎሸም አደረገውና፣ «የበዓሉን ገናና ያልደረሰውን ገና ለዩ እያልክ ልጆቹን የምታስጨንቀው አንተ አይደለህ?» አለው።

አስተማሪው ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ከወረቀቱ ጋር ተፋጥጦ ዋለ። ቃሉ ሁለቱንም ይላል። መጥበቁና መላላቱ ፊደሉ ላይ አይታይም። ይህንን በየዓመቱ መስከረም ላይ ለልጆች የሚያስረዳው እሱ ራሱ ነው። የራሱን ቃል ግን ምልክት ሳያደርግበት ለቅቆታል። አልፎ ተርፎ፣ እኔስ ያን ጊዜ ስጽፈው አጥብቄ ነበር ወይስ አላልቼ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። የሰው ሳቅ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ያስጠፋዋል።

ከሥልጠናው ሲመለስ ስልኩን አውጥቶ ግሩፑን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየገፋ የጥንቱን ጽሑፍ አገኘው። ቀኑ አለ። ስሙ አለ። ከሥሩ ካመሰገኑት ሦስት ሰዎች አንዱ አሰልጣኙ ነው። «ተባረክ ወንድሜ፣ ወስጄዋለሁ» ይላል።

ማስረጃው እጁ ላይ ነው። አሁን ያንን ፎቶ አንስቶ ቢለቀው ሰውዬው አበቃለት ማለት ነው። ሊለቀውም ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንዲት መምህርት ከሩቅ ገጠር ለግሩፑ የጻፈችው መልእክት ገባ።

«እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ» ትላለች። «በአራተኛው ደረጃ ላይ አንድ መንፈቅ ሙሉ ሠራሁ። ልጆቼን ቁጭ አድርጌ አሰማኋቸው፣ አሰማኋቸው። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ የሚያነብ ግን የለም። በፊት ያወሩ የነበሩት እንኳ ዝም አሉ። አሥራ አራቱ ወደ አምስተኛ አያልፉም ብዬ ዓርብ ስማቸውን ላስተላልፍ ነው። ምን አጠፋሁ?»

አሰልጣኙ ወዲያው መለሰላት። «ደረጃውን ደግሚው፣ እኅቴ። ማዳመጥ ጊዜ ይፈልጋል።» ሠላሳ ሰው አውራ ጣት ሰጠው።

አስተማሪው ፎቶውን ሳይለቅ ተወው። ጽሑፉ የኔ ነው ካለ፣ ጸጥ ያለው ክፍልም የሱ ሊሆን ነው። የጥንቱን ጽሑፍ ቢያሳይ እዚያም ላይ ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ምልክት የለበትም። ዝም ካለ ደግሞ ጥፋቱ ከሌባው ጋር ይቆያል፤ አንድ ቀን የየትምህርት ቤቱ ክፍል ዝም ማለቱ ሲታወቅ ሰውዬው ይጠየቅበታል። ይህ ደስ ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ደስ ይላል።

ሰኞ ዝም አለ። ማክሰኞም ዝም አለ። ረቡዕ፣ ጽሑፉ የኔ ነው ሳይል፣ «ምናልባት ጠብቆ የሚነበብ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። አንዱ፣ «ከጻፈው ሰው ልትበልጥ ነው?» አለውና ሌሎቹ ሳቁበት። የጠየቀው ሰው ትክክል ነው፤ የጻፈው ሰው ግን እሱው ነው። በማን ላይ እንደሚናደድ ጠፋው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍለ ጊዜ ባልነበረው ሰዓት፣ የጥንቱን ጽሑፍ ከነቀኑ አወጣና እንዲህ ብሎ ለቀቀው፦ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራተኛው ጠብቆ ይነበብ፤ ልጁ ይደመጣል ማለት ነው። ምልክት ሳላደርግበት የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው።»

ግሩፑ ተንጫጫ። «የአማርኛ መምህር ሆኖ?» አለ አንዱ። «ስንት ክፍል አበላሸህ፣ አንተ ሰው?» አለ ሌላው። አሰልጣኙም ብቅ ብሎ፣ «እኔ ያገኘሁትን እንዳገኘሁት ነው ያሠለጠንኩት። ስህተቱ የዋናው ጸሐፊ ነው» ብሎ ጻፈ።

እስኪ አስቢው። ሰውዬው ከጥፋቱ ለማምለጥ ሲል የሰረቀውን በስድስት ሺህ ሰው ፊት ለባለቤቱ መለሰ። ያስተዋለ ግን አንድም አልነበረም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ስህተቱ ነው። አሰልጣኙ አሰልጣኝ እንደሆነ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሐረግ ያለው ሌላ ወረቀት አደለ። አስተማሪው ስሙ ተመለሰለት፤ የተመለሰለት ግን ስድብ ሆኖ ነው። ተካሰ ወይስ ሁለተኛ ተበደለ? ይህንን ሊወስን አልቻለም።

በማግስቱ መምህርቷ በውስጥ መስመር ጻፈችለት። «ስማቸውን ሳላስተላልፍ ቀረሁ። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ሦስት ሳምንት ጨመረልኝ። ግን ሰባ ልጅ አንድ በአንድ መቼ ነው የማዳምጠው? እርስዎ እንዴት አድርገው ተወጡት?»

አስተማሪው መልሱን ጀምሮ አጠፋ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። እውነቱን ጻፈላት፦ «እኔም አልተወጣሁትም። ግማሹ ሳይደመጥ ይቀርብኛል።»

«እንግዲያው» አለች፣ «እኔ ወደ ሁለተኛ ክፍል ልልካቸው ነው። ለትንንሾቹ ይተርኩላቸው። ትንንሾቹ እንደኛ ሊያርሙ አይቸኩሉም፤ ‹ከዚያስ?› ነው የሚሉት።»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ዘጠኝ ዓመት ለፍቶ እዚህ አልደረሰም ነበር። ሰኞ በራሱ ተማሪዎች ሞከረው፤ ሆነለት። ከመምህርቷ አሥራ አራት ልጆች ስድስቱ በዚያ ዓመት አለፉ፤ ስምንቱ ደገሙ። አስተማሪው መንገዱን በስድስተኛ መስመር አስተካክሎ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከታች የማንን ስም እንደሚያኖር ግራ ገባው። የራሱን ጻፈና አጠፋው። የሷንም ጻፈ። ሁለቱን ጎን ለጎን አኖራቸው፤ እንደዚያም ሆኖ ልቡ አላረፈም።

እንግዲህ ልጄ፣ አስተማሪው አንቺ ነሽ። አምስቱ መስመር ያዘጋጀሽው ማስታወሻ ነው። አሰልጣኙም አይጠፋም፤ በየግሩፑ አንድ አለ። ፍትሕ ታገኛለሽ አልልሽም፤ ያገኘ ሰው አላውቅም። ቢሆንም ልቀቂው። ስምሽን ጻፊበት፤ ይቆርጡታል፣ አንቺ ግን ጻፊበት። እንዳይወስዱብሽ ብለሽ ይዘሽው ከቀረሽ፣ ስህተትሽም አብሮሽ ተቀምጦ ያረጃል፤ የሚነግርሽ አይገኝም። ከስድስት ሺህ ሰው የሚያጨበጭብልሽ ብዙ ነው፤ የሚወስድብሽም አለ። ሁለቱም አያሳድጉሽም። «ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ» ብላ የምትጽፍልሽ አንዲት ሴት ትኖራለች። ባልደረባሽ እሷ ናት። ሌላው ሕዝብ ነው።