መስመሩን የዘጋችው ስልከኛ

አንዲት ሴት የባሏ መርዶ በደረሰበት ቀን፣ መድረሱን ሳታውቅ፣ ከስልክ ገመድ ጋር ስትታገል ዋለች።

አጸደ ትባላለች። መምህራን ልታሰለጥን የአንድ ቀን መንገድ ተጉዛ ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ሄዳ ነበር። ባሏ ደምሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው። ልቅር ብትለው ሳቀባት።

«ለአንዲት ጠጠር ብለሽ ያን ሁሉ መምህር ልትበትኚ ነው? ሂጂ። ከመግባቴ በፊት በኢሜይል እጽፍልሻለሁ፤ ስወጣም እጽፍልሻለሁ። ሰው "ደህና ነው" ቢልሽ ግን አትመኚ። የእኛ አገር ሰው የሞተውንም ደህና ነው ይላል። የእኔን ጽሑፍ ብቻ እመኚ።»

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አጸደ ወደ ቤቷ ደወለች። ያነሳችው ጎረቤቷ ነበረች። «ደህና ነው፣ ደህና ነው፤ ተኝቷል» አለችና ቶሎ ዘጋች። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቤቷ ውስጥ ምን ይሠራል? አጸደ ሥልጠናውን አቋርጣ ወደ ሆቴሏ በጥድፊያ ተመለሰች። አሁን የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደምሰው ጽሑፍ።

በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የሚገኘው በስልክ መስመር ነበር። ሆቴሉ ወደ ውጭ የሚያስደውል አንድ መስመር ብቻ አለው፤ እሱም የሚያልፈው ከታች በእንግዳ መቀበያው በተቀመጠችው፣ ባልም ልጅም በሌላት ስልከኛ በወይዘሮ ይርገዱ እጅ ነው። አጸደ ገመዱን ከስልኩ ነቅላ ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ላፕቶፑ ቁጥሩን መታ። ከዚያ እንደተጣሉ ድመቶች ይንጫረር ጀመር። መንጫረሩ መልካም ምልክት ነው፤ ላፕቶፑና ከመስመሩ ማዶ ያለው መሣሪያ እየተዋወቁ ነው ማለት ነው።  በዚያ መሐል ከላፕቶፑ ሆድ የሰው ድምፅ ወጣ።

«ሄሎ? ሄሎ? ጨርሰዋል?»

መንጫረሩ ተቋረጠ። አጸደ ገመዱን መልሳ ስልኩ ላይ ሰካችና እጀታውን አነሳች።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ እባክዎ መሐል አይግቡ! ሰው እያነጋገርኩ አይደለም፣ ኮምፒዩተር ነው።»

«ውይ እመቤቴ፣ እኔማ ሰው ሲታነቅ የሰማሁ መስሎኝ ደነገጥኩ» አለች ይርገዱ።

«እንግዲህ ቢጮኽም አይንኩት።»

«እሺ፣ አልነካም።»

በሁለተኛው ሙከራ መንጫረሩ አልቆ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሳጥን መጣ። አጸደ ቃሉን ጻፈች። ልክ ስትጨርስ መስመሩ ተቆረጠ። በሦስተኛው ከነጭራሹ ድምፅ ጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞከረች። የምትፈራውን ነገር በስሙ ላለመጥራት ስለ ገመዱ ብቻ ታስብ ነበር። ገመዱ ቢስተካከል ደምሰውም የሚስተካከል መሰላት። በመጨረሻ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ይርገዱ የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«ምን ሆነ መስመሩ?»

«ዝናብ ነው እመቤቴ።»

አጸደ በመስኮት ወደ ሰማይ አየች። አንዲት ቁራጭ ደመና አልነበረችም። «የታለ ዝናቡ?»

«ማዶ፣ ከተራራው ወዲያ። እኛ ጋ ገና አልደረሰም።»

አንድ በቆዳ የሚነግድ እንግዳ ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ኧረ ዝናብስ አንቺ ነሽ!» አለ ስልከኛዋን። «ከእኩለ ቀን ጀምሮ ቆሜ ስጠብቅ ዳር ዳር ትያለሽ። ስልክ ነው የያዝሽው ወይስ ዕንቁላል ታቅፈሽ ነው?»

አጸደ አልሳቀችም። «ባሌ ታሟል» አለች። «ጽፎልኛል። አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ማንበብ የምፈልገው። አምስት ደቂቃ ስጭኝ።»

አንቱ ማለቱን መተዋን ራሷም አላስተዋለችም። ይርገዱ እጇን ወደ ጭኗ ሰደደች። አጸደ ያኔ አየች፤ የመስመሩ መሰኪያ ተነቅሎ ሴትዮዋ ጭን ላይ ተቀምጧል።

«ነቅለሽዋል! ምን በድዬሽ ነው? ልብ የለሽም? ባልና ልጅ የሌላት ሴት የሰው ጭንቅ በምን ይገባታል!»

ቆዳ ነጋዴው እንኳ አፈረ። ይርገዱ ግን መሰኪያውን በመዳፏ ጨብጣ «ነገ ጠዋት ይስተካከላል እመቤቴ» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአጸደ በር ተንኳኳ። ይርገዱ ምግብ ይዛ መጥታለች። ተረኛዋ መጥታ ወደ ቤቷ መሄጃ ሰዓቷ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን ወንበሩን ለተረኛዋ አላስረከበችም። «እህል ቅመሺ ልጄ» አለች። እመቤቴ ማለቱን ትታዋለች። «አልራበኝም» ብትላት ሳህኑን ይዛ ቆመች። አጸደ በስድቧ አፍራ ስለነበር ጥቂት ጎረሰች። ይርገዱ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ተከተለች። «አንድ ጊዜ ብቻ፤ ስለ እመቤታችን» አለችና አንድ ጨመረችላት።

ሊነጋጋ ሲል በሩ እንደገና ተንኳኳ። አጸደ ስትከፍት የደምሰው ታላቅ ወንድም ጥላዬ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ቆሟል።  ጥላዬ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ ነበር። ነጠላ ተዘቅዝቆ ሲለበስ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

አጸደ መጀመሪያ አልጮኸችም። ከሰዎቹ ጀርባ ይርገዱን አየች፤ ልብሷ የትናንቱ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አለቻት።

«ከትናንት እኩለ ቀን ጀምሮ» አለች ይርገዱ። «ወንድምየው ደወለና "የሥራ ጓደኞቿ ሰምተው በኢሜይል ነፍስ ይማር ብለው ጽፈውላታል፤ እኛ እስክንደርስ እንዳታይ" አለኝ። እኔ ይኼ ኢሜይል የምትሉት በየት እንደሚገባ አላውቅም። በእኔ እጅ እንደሚያልፍ ብቻ ገባኝ። በር ዘግተሽ ብቻሽን ከምታነቢው እኔን ብትሰድቢኝ ይሻላል ብዬ ነው።»

አጸደ ያኔ ጮኸች። ወደቀችም፤ የወደቀችው ግን ወለሉ ላይ አልነበረም። አራት ሰው ያዛት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ሐዘን ምስጋና ቶሎ አያውቅምና። ቀብሩ እሷን ጠብቆ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አጸደ ይርገዱን በልቧ ስትወቅስ ቆየች። እሱ አስከሬን ሆኖ ሳለ እሷ ግማሽ ቀን ሙሉ ይድናል ብላ ተስፋ አድርጋለች፤ ያን ግማሽ ቀን እንደተሰረቀች ሆኖ ተሰማት። አርባው ካለፈ በኋላ ኢሜይሏን ከፈተች። ከላይ አሥራ ሦስት ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ርእስ «የደምሰው ሞት» ይላል። ይህን ነበር በዚያች ክፍል ብቻዋን ቁጭ ብላ ልታይ የነበረው። ከሁሉም ሥር፣ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ባለው ምሽት የተላከ፣ የራሱ ደብዳቤ ነበር።

«አጹ፣ ነገ ጠዋት እገባለሁ። የበረንዳውን አበቦች ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ያቺን ጠማማዋንም አልረሳሁም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ይህን እስክታነቢ ከሆቴሉ ስልክ ጋር ስንቴ እንደምትጣዪ አውቃለሁ። ስልከኛዋን እንዳትቆጪያት። መስመሩን እሷ አልፈጠረችውም።»

አጸደ በማግስቱ ወደዚያች ከተማ ደወለች።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ አጸደ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን ልጄ? በዚያ ቀን ያልሰደበኝ ማን አለ! አንድ መስመር እኮ ነው ያለን። አንቺን ስል የአገሩን ሁሉ ስልክ ዘግቼ ዋልኩ። ቆዳ ነጋዴው እስካሁን ሰላም አይለኝም።»

አጸደ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ይርገዱ ከማዶ ሆና እስክትጨርስ ጠበቀቻት። የሚቸኩል ደዋይ ቢኖርም መስመሩን አልወሰደችባትም።

ወሬ በገመድ ይፈጥናል፤ መርዶ ግን ትከሻ ይፈልጋል። በራችንን የዘጋብን ሁሉ ጠላታችን አይደለም፤ አንዳንዱ ከበሩ ወዲያ ያለውን ስላየ በጀርባው ደግፎ የቆመ ነው። እውነትን ከሰው መደበቅ ከባድ ነገር ነው፤ አጸደም የጠፋባትን ግማሽ ቀን ዛሬም ድረስ ታስበዋለች። ሆኖም የይርገዱ ዝምታ ለውሸት አልነበረም፤ እውነቱን የሚሸከሙት ሰዎች እስኪደርሱ ነበር እንጂ። እናንተስ በእሷ ወንበር ብትቀመጡ፣ ስድቡን ችላችሁ መሰኪያውን ትይዙ ነበር? ወይስ «አምስት ደቂቃ» ላለችው ሴት መስመሩን ትሰጡ ነበር?

መልሱን ለልባችሁ ንገሩት። ይህን ያነበባችሁ ግን ለደምሰው ነፍስ ይማር በሉለት። ስትጸልዩ በክርስትና ስሙ አስቡት፤ ወልደ ሰማዕት ነው።